የጅማን ቀይ ዘላይ ሸረሪት ስሙን እንዴት አገኘሁለት

ዘላይ ሸረሪት ስታዩ መጀመሪያ የሚማርካችሁ ቀለሙ ነው። ስሙን ለማወቅ ስትፈልጉ ግን መጨረሻ ላይ መታየት ያለበት እሱ ነው። የአንድ ዝርያ ወንድና ሴት ቀለማቸው ጭራሽ ላይገናኝ ይችላል። ገና ያላደጉት ደግሞ ሌላ መልክ ይኖራቸዋል። አልኮል ውስጥ የተቀመጠ ናሙናም ቀለሙ ይደበዝዛል። ስለዚህ አጥኚዎቹ የሚተማመኑት በአካሉ ቅርፅ ነው።

እኔ የምፈልጋቸው ጅማ ዙሪያ ባሉ የቡና ማሳዎች ውስጥ ነው። ረፋድ ላይ በዋንዛና በሰሳ ጥላ መሃል ሾልኮ የገባ ፀሐይ ቅጠሉን ሞቅ ሲያደርገው ብቅ ይላሉ። ድር ዘርግተው አይጠብቁም። አድፍጠው፣ ዘለው ነው የሚይዙት። ከመዝለላቸው በፊት ቀጭን ክር ቅጠሉ ላይ ይለጥፋሉ፤ ቢስቱ በእሱ ተንጠልጥለው ይመለሳሉ።

ይህኛው ቀይ ቡናማ ነው። ጀርባው ላይ ግራና ቀኝ ነጭ መስመር ወርዶበታል። ብርሃን ሲነካው ያብረቀርቃል። በጠርሙስ ልይዘው ስል የማሳው ባለቤት ደረሱ።

«ልጄ ተው፣ ይነድፍሃል!»

«አይዞዎት አባባ፣ ሰው አይጎዳም። እንዲያውም ነፍሳት ይበላልዎታል።»

«እንግዲያ ስትጨርስ እዚያው መልስልኝ።»

ጠርሙሱን ጥላ ውስጥ አስቀምጬ እስኪረጋጋ ጠበቅኩት። ዘላይ ሸረሪት ለፎቶ የተመቸ ፍጥረት ነው፤ ስትጠጉት ዞሮ ያያችኋል። ስልኬ ላይ በሚሰካ ማክሮ ሌንስ ከፊት፣ ከላይና ከጎን አነሳሁት። ከላይ ብቻ የተነሳ ፎቶ ቆንጆ ነው፣ ግን ብዙ አይነግርም።

ስምንት ዓይን አለው። አራቱ ከፊት ናቸው፤ መሃለኞቹ ሁለቱ እንደ መኪና መብራት ትልልቅ ናቸው። ከኋላቸው ሁለት ኢምንት ዓይኖች አሉ፣ ከዚያ ሌሎች ሁለት። ይህ አቀማመጥ ሳልቲሲዴ ከሚባለው የዘላይ ሸረሪቶች ቤተሰብ መሆኑን ይናገራል። ቤተሰቡ ግን ከ6,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት፣ ከሸረሪት ቤተሰቦች ሁሉ ትልቁ ነው። ሥራው ገና መጀመሩ ነበር።

ወደ ወገኑ፣ ማለትም ከቤተሰብ በታች ከዝርያ በላይ ወዳለው ምድብ፣ ያደረሱኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ከዓይኖቹ ጎን የቆመው የፀጉር ቁንጮ ነው። ሁለተኛው አፉ አጠገብ ያሉት ሁለት አጫጭር፣ እጅ መሰል አካላት ናቸው። የደረሰ ወንድ ላይ ጫፋቸው ያብጣል። ያልደረሰ ከሆነ ስም ፍለጋውን ብታቆዩት ይሻላል። በጠርሙሱ መስታወት ላይ ሲወጣ ከሥሩ አየሁት፦ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ክር የሚመስል ነገር እብጠቱን ዙሪያውን ተጠምጥሞበታል። ወንዱ ዘሩን ለሴቷ የሚያስተላልፈው በዚህ ነው። ያንን ጥምጥም በግልጽ ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ደስታው ሌላ ነው።

ከዚያ ያየሁትን ለማወዳደር አጥኚዎች ወዳሳተሟቸው ሥዕሎች ሄድኩ። ስዊዘርላንድ ያለው የበርን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በኢንተርኔት የሚያቀርበው የዓለም ሸረሪቶች ካታሎግ የትኛው ወገን የት እንደተመዘገበ ያሳያል። ፖላንዳዊቷ የሸረሪት ተመራማሪ ቫንዳ ቬሶዎቭስካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2008 ከባልደረባቸው ጋር ስለ ኢትዮጵያ ዘላይ ሸረሪቶች ጥናት አሳትመዋል። ለእኛ አገር ሰው ውለታ ነው የዋሉልን። ቁንጮውና ጥምጥሙ አንድ ላይ ሲገጥሙ መልሱ ታይኔ የሚባለው ወገን ሆነ።

ዝርያው ላይ አልቸኮልኩም። የጥምጥሙን ዙርና የጫፉን ቅርፅ በደንብ ለማየት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ማስታወሻዬ ላይ «ታይኔ፣ የደረሰ ወንድ» ብዬ ቀኑን፣ ቦታውንና ያረፈበትን ተክል ጻፍኩ። በግማሽ እውቀት ሙሉ ስም ከመስጠት ይህ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ነገ ሌላ ሰው ከዚያ ይቀጥላል።

ሸረሪቱን ለአባባ ቃል በገባሁት መሠረት እዚያው ቡና ላይ መለስኩት። አሁን የምፈልገው ሴቷን ነው። እሷን ሳገኝ መጀመሪያ የማነሳው ከሆዷ ሥር ያለችውን ትንሽ ጠንካራ ሰሌዳ ነው፤ የሴት ዝርያ የሚለየው በዚያች ቅርፅ ነውና።