ሦስት ገጽ የተካው ኮት

እማዬ ተዋናይ ናት፤ አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የመድረክ ሠዓሊ ነበር። ያደግሁት ፒያሳ፣ ሀገር ፍቅር ቴአትር ግቢ ውስጥ ስሯሯጥ ነው። ቤቱ በ1927 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ሲያንዣብብ ሕዝቡን ለማንቃት በተቋቋመ ማኅበር እንደተጀመረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ለእኔ ሙጫ ሙጫ የሚሸት ቤት ነበር። አባቴ ሙጫውን ከሰል ምድጃ ላይ እያማሰለ ያቀልጥና እንጨት ላይ የተወጠረውን አቡጀዲ ይቀባዋል። ጨርቁ ሲደርቅ ይሳባል፤ በጣቴ ስመታው እንደ ከበሮ ይጮኻል። "አሁን ቀለም ይቀበላል" ይለኝ ነበር።

ሥዕል የተማርኩት አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ቀለምን የማየው በቀን ብርሃን ነበር፤ መድረክ ላይ ግን የቀን ብርሃን የለም። ለመጀመሪያው ዲኮሬ (ለመድረክ ገጽታ ሥራዬ) ሁለት ቀን የለፋሁበት ሰማይ፣ ልምምድ ላይ ቢጫው መብራት ሲበራበት አመድ መሰለ። ቢጫ መብራት ውስጥ ሰማያዊ ጨረር ስለሚያንስ ሰማያዊ ቀለም መልሶ የሚያንጸባርቀው ያጣል። ከዚያ ወዲህ ቀለም የምቀይጠው ትዕይንቱ በሚታይበት መብራት ሥር ብቻ ነው። ለጀማሪም የምለው ይህንኑ ነው፦ ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት የመብራት ባለሙያውን አነጋግሩ።

ተውኔት መጻፍ የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። በመጀመሪያው ጽሑፌ ባሏ የሞተባት ሴት ሐዘኗን ሦስት ገጽ ሙሉ ትናገራለች። እነዚያን ገጾች እንዴት እወዳቸው ነበር! እማዬ በአንድ እጇ ወረቀቱን፣ በሌላው የቡና መቁያውን ይዛ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ቆመች።

"ልጄ፣ ይቺ ሴትዮ ይህን አትናገረውም። ያዘነ ሰው እንዲህ አያብራራም።"

ወረቀቱን ተቀብያት ወጣሁ። ሁለት ሳምንት አኮረፍኳት። የጥበብ ቤተሰብ ውስጥ መኖር ክብደቱ ይህ ነው፤ ትችት ከወጥ ጋር ይቀርባል፣ ተነስተሽ የምትሄጂበት የለም። አስተያየት በሰማሁበት ቀን መልስ አለመስጠትን የተማርኩት ከዚያ ኩርፊያ ነው።

በዚያ ሰሞን አባቴ ለዲኮሩ ንድፍ ሲሠራ በሩ አጠገብ ምስማር ላይ የተሰቀለ የወንድ ኮት ሣለ። "ኮቱ እዚህ ካለ፣ ምኑን ታወራዋለች?" አለኝ። ሦስቱም ገጾች ከተውኔቱ ተሰረዙ። አሁን ሴትየዋ ከገበያ ትመጣለች፣ ዘንቢሏን ታስቀምጣለች፣ ስታልፍ የኮቱን ኮሌታ ታቃናለች። በቃ። ተውኔቱ የታየ ዕለት ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ ከመጋረጃው ጀርባ አየሁ።

ዛሬ አንድ ቃል ከመጻፌ በፊት መድረኩን እሥላለሁ፦ በሩ የት ነው? ማን ከማን ርቆ ይቀመጣል? ሥዕሉ የተናገረውን ከተዋናዩ አፍ አወጣለሁ። የተረፈውን እማዬ ታነበዋለች፤ ምላሷ ሁለት ጊዜ የተደናቀፈበት ዐረፍተ ነገር አይቆይም።

ያቺን ሴት የምትጫወተው እማዬ ናት። ተውኔቱ በቅርቡ ለድጋሚ ሲዘጋጅ ጠራችኝና "ምስማሩን ዝቅ አድርጊልኝ፣ ትከሻዬ አልታዘዝ ብሏል" አለችኝ። ነቅዬ አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጌ መታሁት። አባቴ በቀባው ግድግዳ ላይ የድሮው ቀዳዳ ቀረ። ቢጫውን መብራት አስበርቼ፣ የእሱን ቀለም እስካገኝ ስቀይጥ አመሸሁ።