ከጣና ደለል እስከ ጮቄ፦ የጥንቱን ዝናብ ፍለጋ

የጥንቱን ዝናብ ከጣና ወለል ደለል ለማንበብ ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ የምንነሳው ጎሕ ሲቀድ ነው። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል። ያኔ መልሕቁ ከተንሸራተተ ደለል ውስጥ የገባው ዘንግ ይጎብጣል። ሁለት ጀልባዎችን በሳንቃ አጣምረን በአራት ማዕዘን መልሕቅ እንጥላለን። ሐይቁ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ በእጅ የሚገፋ የፒስተን ቱቦ፣ ማለትም በውስጡ ባለ መዝጊያ ጭቃውን እንዳለ ይዞ የሚያወጣ ቱቦ፣ ይበቃል።

ቱቦው በአንድ ግፊት 1 ሜትር ጭቃ ይይዛል። የፒስተኑ ገመድ መድረኩ ላይ ጠብቆ ካልታሰረ ጭቃው ይጨመቅና ያጥራል፤ ያጠረ ጭቃ ደግሞ ዘመንን ያዛባል። አጠገቡ ሁለተኛ ጉድጓድ እንከፍትና ግማሽ ሜትር አዛንፈን እንጀምራለን፤ በመጀመሪያው መጋጠሚያ ላይ የጠፋው ከዚህ ይገኛል። ከቱቦው አናት ያለው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከጉድጓዱ ግድግዳ የተናደ ሊሆን ስለሚችል አይቆጠርም። ላዩና ታቹ እዚያው ጀልባው ላይ ይጻፍበታል።

ዕድሜውን በካርበን 14፣ በጊዜ ብዛት እየቀነሰ በሚሄደው የካርበን ዓይነት፣ ስናስለካ ከጅምላው ጭቃ ይልቅ የተቀበረ ቅጠል ወይም ፍሬ እንመርጣለን። ግልገል ዓባይ ከጎጃም ተዳፋት አጥቦ የሚያመጣው አፈር አሮጌ ካርበን ስላለው ጅምላው ከእውነቱ ያረጀ ዕድሜ ይሰጣል።

ወደ 10 ሜትር ግድም ሲወረድ የሚገኘው ነገር ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፦ ደርቆ የጠነከረ ደለል፣ በላዩም የረግረግ ተክል ቅሪት። ከ16,700 ዓመት ገደማ በፊት ጣና ደርቆ ነበር። ዓባይም ከዚህ አይፈስም ነበር።

በቲሊሊ በኩል ወደ ሰከላ፣ ወደ ግሽ ዓባይ ስንወጣ መንገዱን የሞላው ጥያቄ ያ ድርቀት ምን ያህል ዝናብ በመቅረቱ እንደመጣ ነበር። በደለሉ ውስጥ የቀረው የቅጠል ሰም የሃይድሮጅን ኢሶቶፕ፣ ማለትም የከባዱና የቀላሉ ሃይድሮጅን ምጣኔ፣ ስለ ዝናቡ ይመሰክራል፤ ሚሊ ሜትሩን ግን ለብቻው አይነግረንም። እርጥበቱ ከአትላንቲክ በኮንጎ በኩል መጣ ወይስ ከሕንድ ውቅያኖስ የሚለውም ቁጥሩን ይቀይረዋል። የአየር ንብረት ሞዴል፣ ማለትም የዘመኑን አየር በኮምፒውተር የሚያሰላ ፕሮግራም፣ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ጮቄ ላይ ጅባራው መሀል ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው የሞዴሉን ድክመት ወዲያው ይረዳል። ሞዴሉ ምድርን ከፋፍሎ የሚያሰላበት አንዱ ሳጥን ብዙውን ጊዜ 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚሰፋ፣ ከ4,000 ሜትር የሚዘልቀው ተራራና የዓባይ በረሃ በአንድ አማካይ ከፍታ ይዋጣሉ። ስለዚህ የሞዴሉን ዝናብ ከደለሉ ጋር በቀጥታ ማወዳደር አይገባም። መጀመሪያ በሞዴሉ ዝናብ፣ ትነትና የእርጥበት ምንጭ መሠረት ሰሙ ምን ቁጥር ሊያሳይ ይገባው እንደነበር ይሰላል። ከተለካው ጋር የሚነጻጸረው ይህ ነው።

ለሞዴሉ የዘመኑ የምድር ምሕዋር፣ የሰሜኑ የበረዶ ክምርና የካርበን ዳይኦክሳይድ መጠን ይሰጠዋል፤ ከ21,000 ዓመት በፊት መጠኑ ከሚሊዮን የአየር ክፍል 190 ገደማ ነበር። አንድ የሞዴል ስሌት አይበቃም፤ ብዙ ይሠራሉ። ከደለሉ የተለካው ቁጥርም የስህተቱ መጠን በጠበበ ቁጥር ስሌቶቹን ይበልጥ ወደ ራሱ ይስባቸዋል። ብዙ ሥራ የሚበላሸው የልኬቱን ስህተት አሳንሶ በመጻፍ ነው፤ ያኔ አንድ ጭቃ የአህጉሩን ዝናብ ሁሉ ይጎትታል። ስሌቶቹ ጥቂት ሲሆኑ ደግሞ ጣና ከሩቅ ውቅያኖስ ጋር በአጋጣሚ የተዛመደ ይመስላል፤ ስለዚህ ተጽዕኖው በርቀት ይገደባል። ከሐይቆቹ የደለል መዛግብት ጥቂቶቹ ለመፈተኛ ሆን ተብለው ከስሌቱ ውጭ ይቀራሉ። ውጤቱ ያላየውን ሐይቅ በትክክል ካልገመተ የስህተቱ ግምት ተከልሶ ሥራው ከዚያ እንደገና ይጀመራል።