አውራው እኔ ነኝ

«አውራው እኔ ነኝ!»

ይህንን ባሕር ዳር፣ አንድ የሙዚቃ ዕቃ መደብር ውስጥ፣ አምስት ሰው ፊት ቆሜ፣ ደረቴን ነፍቼ ተናግሬዋለሁ። ሦስት ወር አልፎታል። ጥርሴን ስፍቅ ትመጣብኛለች። ሽንኩርት ስልጥ ትመጣብኛለች። ባለፈው እሑድ ለቅሶ ቤት፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሳለ፣ ትዝ ስትለኝ «ኤጭ!» ብዬ ጉልበቴን መታሁ። ሟቹን እንዲያ የምወዳቸው መስሏቸው ውሃ ሰጡኝ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ላውራው። (ይቺ «ላውራው» የምትባል ቃል ራሷ እንዴት እንደምትወጋኝ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።)

ደብረ ማርቆስ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ስቱዲዮ አለኝ። ስቱዲዮ ማለቴ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ሳውንድ ካርድ፣ አንድ ማይክ፣ ከዚያ ግድግዳ ሙሉ የእንቁላል ካርቶን። ካርቶኑ ቤዙን ንክች እንደማያደርገው ያወቅሁት አርባውንም ለጥፌ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ማይኩም ያው ነው። በፈረንጆቹ ከ1966 ጀምሮ መድረክ ለመድረክ የሚዞረው ሹር ኤስኤም58 ዓይነት ዳይናሚክ ብገዛ፣ በዋናነት አፉ ሥር ያለውን ይዞ ሌላውን ይተወው ነበር። እኔ ግን ሰው ስቱዲዮዬን አይቶ «እንዴ!» እንዲል ኮንደንሰር ገዛሁ። ኮንደንሰር ማለት ሦስተኛው ቤት ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚል ማይክ ነው።

የምቀርጸው ሌሊት ነው። ቀን ቀን ወፍጮ ቤቱ አለ፣ ብየዳ ቤቱ አለ፣ ባጃጁ አለ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን ከተማው ጭጭ ይላል። ጭጭ ይላል ብዬ አምን ነበር።

የቀረጽኩትን ድምፅ የማዋህደው፣ ሚክስ የማደርገው ማለት ነው፣ ከአጎቴ በወረስኩት ሆም ቴአትር ነበር። ያንን ዕቃ ታውቁታላችሁ፤ ትልቁ ሣጥን ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ይደልቃል፣ ትንንሾቹ ላይ ላዩን ይንሻሸሳሉ፣ መሀል ያለው ድምፅ በሙሉ ተቀብሯል። በእሱ ስሰማው ዘፈኔ ድል ያለ ሠርግ ነው። የጓደኛዬ መኪና ውስጥ ሲከፈት ግን ጉድጓድ ገብቶ «ኧረ የሰው ያለህ» የሚል ሰው ይመስላል። ስለዚህ ሞኒተር ያስፈልገኛል አልኩ። የሚያቆላምጥ ሳይሆን ያለውን እንዳለ የሚናገር ስፒከር።

ለአከራዬ ነገርኳቸው።

«ሞኒተር ልገዛ ነው፣ እትዬ።»

«ቴሌቪዥኑን ምን አደረግኸው?»

«አይ፣ ስፒከር ነው።»

«እ! ሞንታርቦ በለኛ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልተንፍስ። በዚህ አገር ድምፅ የሚያወጣ ሣጥን ሁሉ ሞንታርቦ ነው። ሞንታርቦ ካለህ ደግሞ የሰፈር ንብረት ነህ። ገና ስፒከሩን ሳልገዛው አንድ ጎረቤቴ ለልጁ ክርስትና ተዋሰኝ። «እሱ ለድንኳን አይሆንም፣ አንድ ሜትር ላይ ተቀምጦ የሚሰማ ነው» ብለው «ታዲያ ሊሰሙት ካልሆነ ምን ያደርጋል?» ብሎ ተቀየመኝ፤ እስካሁን ሰላም አይለኝም። ዋጋውን ሰምቶ ቢሆንማ ከዕድርም ያስወጣኝ ነበር።

መንገዱ ደህና በነበረ ሰሞን ባሕር ዳር ወረድኩ። አራት ወር ሙሉ በዩቲዩብ ተምሬያለሁ፤ እንደ ሙሽራ ተዘጋጅቻለሁ። ሻጩ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው።

«ክፍልህ ስንት በስንት ናት?» አለኝ።

«ሆዱ 8 ኢንች የሆነው ስንት ዋት ነው?» አልኩት።

«ክፍልህን ነው የጠየቅሁህ።»

ሦስት ተኩል በሦስት ገደማ ናት አልኩት። «እንግዲያው 8 ኢንቹን እርሳው፤ ቤዙ ማዕዘን ማዕዘኑ ላይ እየተጠራቀመ ያሳስትሃል፤ 5 ኢንች ይበቃሃል» አለና ሆዱ ነጭ የሆነውን ያማሃ ኤችኤስ5 አወጣልኝ። ቤዙን 45 ዋት፣ ትሬብሉን (ቀጭኑን ድምፅ) 25 ዋት ለየብቻ የሚገፋ አምፕ (ማጉያ) ውስጡ አለው። ጠረጴዛህ ግድግዳ የተጠጋ ነው ወይ አለኝ፤ ነው አልኩት። «ቀዳዳው ከኋላው ነው፤ በተቻለህ አርቀው፤ ካልሆነልህ ከጀርባው ማብሪያ አለች፣ ታችኛውን ድምፅ በ2 ወይም በ4 ዴሲቤል ትቀንስልሃለች።»

ልጅ ሲያስተምረኝ ደስ አላለኝም። መደብሩ ውስጥ ሌላም ሰው አለ፤ አንዷ የክራር ክር ልትገዛ መጥታለች፣ ሁለት የሠርግ ኪቦርዲስቶች አሉ፣ ሌላው ዝም ብሎ የቆመ ነው። እኔም ጉሮሮዬን ጠራርጌ ንግግር ጀመርኩ። የዚህ ነጭ ሆድ ቅድመ አያት በፈረንጆቹ 1978 የወጣው የያማሃ ኤንኤስ-10 መሆኑን፣ ለሳሎን ተብሎ ተሠርቶ ሳሎን ውስጥ ድምፁ እንዳልተወደደለት፣ መሀለኛው ድምፅ ላይ እንደሚጮህ፣ ግን በእሱ ላይ ያማረ ዘፈን ሌላም ቦታ ያምራል ብለው የፈረንጅ ኢንጂነሮች ስቱዲዮአቸውን እንደሞሉበት፣ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ጆሯቸውን ሲበሳቸው ሶፍት እየለጠፉበት እንደሠሩ፣ በፈረንጆቹ 2001 ማምረቱ እንደቆመ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

«ሶፍቱ አብሮ ይሸጣል?» አለ ዝም ብሎ የቆመው።

ሻጩ በትዕግሥት ሰምቶኝ «ስፒከር የሚመረጠው በምታውቀው ዘፈን ነው፤ ይዘሃል?» አለኝ። ከራሴ ዘፈን የበለጠ የማውቀው አለ? ፍላሹን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። ትዝታ ነው፤ ማሲንቆና የእኔ ድምፅ፣ ሌላ ምንም የለው።

ከፈተው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ልጁ ጎንበስ አለ። መልሶ አጫወተው። ኪቦርዲስቶቹ ጠጋ አሉ። ሦስተኛ ጊዜ መለሰው። የክራሯ ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች። «በቃ፣ ነካኋቸው» አልኩ በልቤ።

ሻጩ ቀና አለና በትሕትና፣ «ወንድሜ፣ አውራው ዘፋኝ ማነው?» አለኝ።

«አውራው እኔ ነኝ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሴትየዋ ግድግዳ ተደገፈች። እኔ ምን አደረግሁ? አብሬ ሳቅሁ! የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ቢሰድበኝ ምንም አልነበረም። እኔ ግን አብሬ ስቄ፣ የልጁን እጅ ጨብጬ፣ የተጠራውን ዋጋ አንዲት ብር ሳላስቀንስ ከፍዬ ወጣሁ። ጎጃሜ ሳይከራከር ሲከፍል አይቶ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ።

ሁለቱን ካርቶኖች፣ አንዱን ጭኔ ላይ አንዱን እግሬ ሥር አድርጌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ያለ ካርቶኑ አንዱ ብቻውን 5 ኪሎ ከ300 ግራም ነው፤ መራዊ ሳንደርስ እግሬ ደንዝዟል፤ ግድ አልሰጠኝም። ዱርቤቴ ስንደርስ ፈገግ እያልኩ ነበር። ዳንግላ ላይ ለጎኔ ተሳፋሪ ዘፋኝ መሆኔን ነገርኩት። ኮሶበር ላይ በመስኮቱ ብርዱ ሲገባ ግን አብሮ አንድ ሐሳብ ገባ። ለምን «ዋናው» አላለኝም? ለምን «አውራው»?

አውራው ዘፋኝ። አውራ። አውራ ዶሮ።

ወይኔ።

የቅኔ ቤቶቹ ዋሸራና ዲማ ባሉበት አገር ተወልጄ፣ አያቴ መሪጌታ ሆነው፣ አንድ ገመድ ሻጭ ሰሙን አጉርሶኝ ወርቁን አምስት ሰው ተካፈለው። ከዚያ በኋላ መንገዱ በሙሉ መልስ ፍለጋ ሆነ። ቡሬ ላይ አንድ መልስ መጣልኝ። ፍኖተ ሰላም ላይ የተሻለ መጣልኝ። ደምበጫ ላይ የመጣልኝ ግን በእውነት ሬሳ የሚያስቅ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ የሚሰማው የጎኔ ተሳፋሪ ብቻ ነው፤ እሱም ተኝቷል።

ቤት ገብቼ ስፒከሮቹን ተከልኳቸው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከእኔ እስከ እያንዳንዳቸው ካለው ጋር እኩል፣ ትዊተሩ በጆሮዬ ትክክል። ከፈትኩት። ሁለተኛው ስንኝ ላይ፣ ከማሲንቆው ጀርባ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ጥርት ብሎ ቆሟል። የአከራዬ አውራ ዶሮ።

11 ዘፈን አለኝ። ዘጠኙ ላይ አለ። ሆም ቴአትሩ መሀለኛውን ድምፅ ሲቀብር አብሮ ቀብሮት ነበር፤ ስቀርጽም ጆሮዬ በሄድፎን ተደፍኖ አልሰማሁትም። አሁን ሌሊቱን ሙሉ እሱን ብቻ ሳዳምጥ አደርኩ። ስትሰሙት፣ ሰውዬው ባለሙያ ነው። ሰውዬው ያልኩት ሥራ ላይ ስለተገናኘን ነው። አንድም ቦታ ከቅኝቱ አልወጣም። እኔ ትንፋሽ ስወስድ ክፍተቱን ይሞላልኛል። ሰባተኛው ዘፈን ላይ እኔ ግማሽ ቆጠራ ዘግይቻለሁ፤ እሱ በሰዓቱ ገብቷል። አራተኛው ላይ ድምፁን ቀስ አድርጎ እያሳነሰ የጨረሰው እንዴት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ እኔ ያንን በማሽን ነው የምሠራው። እሱ የሌለባቸው ሁለቱ ዘፈኖች ደግሞ ከሁሉም የማይረቡት ናቸው። ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ በሚቀንሰው ኢኳላይዘር ላወጣው ሞከርኩ። እሱን ስቀንስ ማሲንቆው አብሮ ጠፋ፤ ለካ አንድ መደብ ላይ ነው የተቀመጡት። ሁለቱን ለመለየት ከመሞከር ባልና ሚስት ማፋታት ይቀላል።

ዶሮውን ለፋሲካ እንዲሸጡልኝ ብዬ አከራዬን ጠራኋቸውና ማስረጃውን ከፈትኩላቸው። ይቅርታ ይጠይቁኛል ብዬ ነው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«እሱ ነው! እሱ ራሱ! አወይ ድምፅ! እስቲ ድገመው ልጄ።»

ደገምኩት። ጎረቤት ጠሩ። ያ የተቀየመኝ ሰውዬም መጣ፤ አየህ፣ እንዲህ ይሰማል እንዴ አለ፤ ለእኔ ግን አሁንም ሰላም አላለኝም።

«እትዬ፣ እባክዎ ይሽጡልኝ፤ የፈለጉትን ልክፈል።»

«ምን ልታደርገው?»

«ያው… ለበዓል።»

«አንተ ልጅ፣ ዘፋኝ ይታረዳል እንዴ?»

እኔስ? ስምንት ወር ስዘፍን የሰሙኝ ሴትዮ ናቸው እኮ። እኔን ዘፋኝ ብለውኝ አያውቁም።

ችግሩ በዚህ አላበቃም። ስፒከሮቹ ዝም ሲሉ ዝም አይሉም፤ «ምምምም» ይላሉ። ክፍሏን ስለካት ርዝመቷ 3 ሜትር ከ43 ሆነ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይሄዳል፤ ለደርሶ መልሱ 6 ሜትር ከ86 ስታካፍሉት 50 ይመጣል። ክፍሏ ራሷ 50 ኸርዝ ላይ ታጉረመርማለች ማለት ነው። የመብራታችን ሞገድ ስንት ነው? 50 ኸርዝ። ኪራይ የምከፍልባት ክፍል ከመብራቱ ጋር አንድ ላይ ታዛምብኛለች። ከሆም ቴአትሩ የነቀልኩት ቀጭን ገመድ መብራቱን ሲስብ ክፍሏ ትቀበላለች። መድኃኒቱ ባላንስድ ኬብል ነው፤ አንዱን ድምፅ በሁለት ሽቦ አንዱን ገልብጦ ይልክና መድረሻው ላይ መልሶ ሲያጋጥመው ሁለቱም ላይ የገባው ጉርምርምታ ይጣፋል። ደብረ ማርቆስ ፈልጌ አጣሁ። ያለው እዚያ መደብር ነው።

ሁለት ሳምንት ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። በመጨረሻ ድምፄን አወፍሬ ደወልኩ። ስሜን አልተናገርኩም፤ ሁለት ባላንስድ ኬብል፣ ሦስት ሦስት ሜትር፣ በመኪና ላክልኝ፣ ብሩን አስገባለሁ ብቻ አልኩት። ልጁም ጨዋ ነው፤ «እሺ፣ ነገ መናኸሪያ ጠብቅ» አለኝ። አንዲት ቃል አልጨመረም። አላወቀኝም ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ መናኸሪያ ቆምኩ። ቅዳሜ ነው፤ ሰዉ እንደ ጤፍ ፈሷል። አከራዬም ለገበያ ወጥተው እዚያው አሉ። አውቶቡሱ ገባ። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ በፕላስተር የተጠቀለለች ፌስታል አነሣና ላይዋ ላይ የተጻፈውን አነበበ።

«አውራው! ኧረ አውራው የሚባል! አውራው ማነው?»

ሰዉ ሁሉ ዞር ዞር አለ። ረዳቱ ፌስታሏን ወደ መኪናው ሊመልሳት ሆነ። የስድስት ሜትር ኬብል ዋጋ አሰብኩ።

እጄን አወጣሁ።