የጤነኛ ሬቲና ቀጫጭን ደም ሥሮች፦ ቃሊቲ ላይ እንዴት እንደማነሳቸው

የታመመ ሬቲና (ከዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ምስሉ ቢበላሽም በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ራሱን ያሳያል። ጤነኛ ዓይን ግን እንዲህ አይምርም። የሚፈለገው ልዩነት ትንሽ ስለሆነ የደረቀ እንባ ወይም ረዘም ያለ የዓይን ኳስ የደም ሥር ለውጥ መስሎ ቁጥር ውስጥ ይገባል። ቃሊቲ፣ አቧራና የጭነት መኪና በማይጠፋበት መንገድ ዳር፣ ለማነጻጸሪያ የሚሆኑ ጤነኛ ዓይኖችን በኦሲቲ አንጂዮግራፊ፣ የሬቲናን ደም ሥሮች በብርሃን በሚያነሳ መሣሪያ፣ ሳነሳ ብዙውን ጥንቃቄ የማደርገው ለዚህ ነው።

መሣሪያው ክንድ ላይ የሚወጋ ቀለም አይፈልግም። አንዱን መስመር እንደየሥሪቱ ሁለት ወይም አራት ጊዜ በብርሃን ይቃኛል፤ በቅኝቶቹ መካከል የተለወጠውን ነገር የሚሄድ ደም ነው ብሎ ይይዛል። ዓይን ሲነቃነቅም ይለወጣል፤ ምስሉን አቋርጠው የሚያልፉት ነጫጭ መስመሮች ከዚያ ይመጣሉ። በተቃራኒው ደሙ በጣም ከዘገየ ሥሩ እያለ አይታይም።

የሚነሳው ሰው ቡና ሳይጠጣ እንዲመጣ አስቀድሜ እነግራለሁ፤ ካፌይን የሬቲናን ደም ሥሮች ያጠባል። «አንድ ስኒ ብቻ ናት» የሚል አይጠፋም፤ የእኛን አገር ስኒ ለሚያውቅ ግን ይህ ማስተባበያ አይሆንም። ጫት የቃመም ለሌላ ቀን ይቀጠራል፤ ብሌንን ያሰፋል፣ ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። ከፀሐይ የገባ ሰው ደብዘዝ ባለ ክፍል 15 ደቂቃ ያርፋል፤ በዚያው የደም ግፊቱና ስኳሩ ይለካል።

ብሌን ለማስፋት ትሮፒካማይድ 1 በመቶ አንድ ጠብታ አድርጌ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ እጠብቃለሁ። ከዚያ በፊት የዓይኑ ማዕዘን (የውስጡ ፈሳሽ የሚወጣበት ቦታ) ጠባብ አለመሆኑን በስሊት ላምፕ፣ በዓይን መመርመሪያው ማጉያ፣ አያለሁ። ፌኒሌፍሪን አልጨምርም፣ ደም ሥር ያጠባልና። ለአንዱ ጠብታ ተሰጥቶ ለሌላው ከተተወ ንጽጽሩ ይበላሻል።

የማነሳው ቦታ 3 በ3 ሚሊሜትር ነው። 304 ነጥቦች በ3 ሚሊሜትር ላይ ሲደረደሩ ርቀታቸው 10 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ያህል ይሆናል፤ ያንኑ ነጥብ 6 ሚሊሜትር ላይ ብንዘረጋው 20 ይደርሳል፣ ቀጫጭኖቹም ይቆራረጣሉ። የጤነኛ ካፒላሪ (እጅግ ቀጭኑ ደም ሥር) ውፍረት ከ5 እስከ 10 ማይክሮን ስለሆነ መሣሪያው ሥሩ መኖሩን እንጂ ትክክለኛ ውፍረቱን አይነግርም።

እዚህ ሰፈር ብዙ ምስል የሚጥለው እንባ ነው። አቧራና የማገዶ ጭስ ዓይንን ያደርቃሉ፣ የምስሉ ጥንካሬም ይወርዳል፤ ጥንካሬው ሲወርድ የደም ሥር ጥግግቱ (ከምስሉ ደም ሥር የያዘው ድርሻ) ቁጥር አብሮ ይወርዳል። የምስሉ ጥንካሬ ከ10 ከ8 በታች ከመጣ ሰው ሠራሽ እንባ ጠብ አድርጌ፣ «እማማ፣ ጨፈን ገለጥ ያድርጉልኝ» ብዬ፣ ጥቂት ቆይቼ እደግማለሁ። አሁንም ካልወጣ የመሣሪያው ሌንስ ላይ አቧራ መኖሩን አያለሁ። ግንባር ከማሳረፊያው ከተላቀቀም ምስሉ ይደበዝዛል። ዩፒኤስ የሌለው መሣሪያ መብራት በጠፋ ቁጥር የተጀመረውን ቅኝት ያጣል፤ ይህን ማስረዳት የሚያስፈልገው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ምስሉ ካማረ በኋላም ቁጥሩን ወዲያው አልቀበልም። መሣሪያው የሬቲናን ንብርብሮች የለየበትን መስመር በጎን ቅኝቱ ላይ አያለሁ፤ ተንሸራቶ ከሆነ በእጅ አስተካክላለሁ። የላይኛው የደም ሥር መረብ ጥላ ጥልቁ መረብ ላይ ስለሚያርፍ የጥላ ማስወገጃውን አበራለሁ። ጥቁር ቦታ ከታየ ተራውን የኦሲቲ ምስል (የደም ፍሰቱን ሳይሆን የሬቲናን መዋቅር የሚያሳየውን) አጠገቡ አስቀምጣለሁ፤ በሁለቱም ከጨለመ በቪትሪየስ (የዓይን ኳስን በሚሞላው ዝልግልግ ነገር) ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር ጥላ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

የማኩላው (ጥርት አድርጎ የሚያየው የሬቲና ማዕከላዊ ክፍል) መሐል ደም ሥር አልባ ቦታ በጤነኞች ዘንድ በጣም ይለያያል፤ አንዱ ጋ 0.15፣ ሌላው ጋ 0.40 ካሬ ሚሊሜትር ቢሆን አያስደነግጥም። ማረም ያለብኝ ግን የዓይን ርዝመትን ነው። ከባዮሜትሪው (የዓይን ርዝመት ልኬቱ) ርዝመት 1.82 ሚሊሜትር እቀንሳለሁ፣ መሣሪያው ከሚገምተውም እንዲሁ፤ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍዬ ውጤቱን በራሱ አባዛለሁ። ግምቱ 24፣ ዓይኑ 26 ሚሊሜትር ከሆነ ማባዣው 1.19 ገደማ ይመጣል፤ 0.25 የተባለው ስፋት ወደ 0.30 ይጠጋል። የመሣሪያው ግምት ከሥሪት ሥሪት ስለሚለይ መመሪያው ላይ ማየት ያስፈልጋል። ርዝመቱ ያልተለካ ዓይን ከስፋት ንጽጽር ይወጣል።