ሦስተኛው ሻማ

ዛሬ ጠዋት በልጄ ትምህርት ቤት ሦስተኛውን የአድቬንት (ከገና በፊት ያሉት አራት የዝግጅት እሑዶች ወቅት) ሻማ ሲያበሩ ቆሜ አየሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ያለ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው፤ እኛ ኦርቶዶክስ ብንሆንም ወደን ነው ያስገባናት። ሻማዎቹ አራት ናቸው፣ ሦስቱ ወይን ጠጅ፣ አንዱ ሮዝ። ሮዙ የትናንቱ፣ የደስታ እሑድ የሚሉት ነው። በጣም ደስ የሚለኝ፣ ውጭ ሱቁ ሁሉ ከኖቬምበር ጀምሮ ገና ገና ሲል እነሱ ልጆቹን መጠበቅ ያስተምሯቸዋል፤ በአድቬንት እሑዶች «ክብር ለእግዚአብሔር በአርያም» የሚለውን መዝሙር እንኳ በቅዳሴ አይዘምሩትም፣ ለገና ያቆዩታል።

ሳምንቱ ግን ሩጫ ነው። ፈተና አለ፣ የገና ዝግጅት ልምምድ አለ፣ ለተቸገሩ ቤተሰቦች የተሰበሰበው ምግብ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ልጄ ምስርና ሩዝ ይዛ ሄደች፣ ራሷ መርጣ። ኮራሁባት!

እኛም ኅዳር 15 የገባውን ጾመ ነቢያት እየጾምን ነው። ዲሴምበር 25ን ከጓደኞቿ ጋር፣ ጃንዋሪ 7ን ደግሞ ከኛ ጋር ታከብራለች። ችግሩ ያኔ ትምህርት ተከፍቷል። ዛሬ መምህሯን ፈቃድ ብጠይቃቸው ወዲያው እሺ አሉኝ፣ እንዲያውም ስትመለስ ስለ ገናችን ለክፍሉ እንድታወራ ጋበዟት። እናንተስ በዚያ ቀን ልጆቻችሁን ከትምህርት ታስቀራላችሁ?