በሰሜኑ የደወል ማማ የተመለሰ ጸሎት

እግዚአብሔር በፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራል ያደረገውን መመስከር ይገባል። ሚያዝያ 7 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በምዕራባውያን የሕማማት ሳምንት ሰኞ ማታ፣ ጣሪያው ሲነድ ምእመናን በሴን ወንዝ ዳር ተንበርክከው ለእመቤታችን ይዘምሩ ነበር። «ጣሪያው ወድቆ የለም እንዴ? ታዲያ ምኑ ተሰማ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሰሜኑ የደወል ማማ ላይ የሆነውን ይስማ።

የማስጠንቀቂያው ደወል ከምሽቱ 12፡20 ገደማ ሲጮህ ጠባቂው የተላከው ወደ ሌላ ጣሪያ ነበር፤ እሳቱ ያለበት እስኪታወቅ ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ። ጣሪያውን የተሸከመው አብዛኛው 800 ዓመት ያስቆጠረ ደረቅ የኦክ እንጨት ነበር። እሳት የሚገታ የግንብ ግድግዳ በመካከሉ አልነበረም፤ በራሱ ውሃ የሚረጭ መሣሪያም አልተገጠመለትም ነበር። 1፡50 ገደማ ሾጣጣው ማማ ተሰብሮ የድንጋዩን ቅስት በስቶ ወደቀ።

እሳቱም ወደ ሰሜኑ ማማ ተዛመተ። እዚያ 8 ደወሎች የተሰቀሉት በእንጨት ማገር ላይ ነው። ማገሩ ቢቃጠል ደወሎቹ ይወድቃሉ፤ ሲወድቁ ማማውን ያፈርሱታል፤ እሱ ሲፈርስ ደቡቡም አይተርፍም። የፓሪስ እሳት አደጋ ሠራተኞች አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ዣን ክሎድ ጋሌ ጣሪያውን ትተው ኃይላቸውን ማማዎቹን ለማዳን አዋሉት፤ 20 የሚያህሉ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ላይመለሱ እንደሚችሉ እያወቁ ወጡ። በአውሮፕላን ውሃ ይደፋ ያሉም ነበሩ፤ ክብደቱ ግን የቀረውን ቅስት ባፈረሰው ነበር። ስለዚህ ከሴን ወንዝ በጀልባ እየተሳበ በልክ ተረጨ፤ ሰው ሊቆምበት ወደማይችለው ወለል ኮሎሰስ የተባለው ሮቦት ገባ።

ሠራተኞችና ካህናት ከከተማው ሰዎች ጋር ተሰልፈው ንዋያተ ቅድሳቱን እየተቀባበሉ አወጡ። የእሾህ አክሊሉ ካዝና ግን ኮዱን የሚያውቅ እስኪደርስ አልተከፈተም። የእኛም አድባራት ይህን ያስቡበት፤ የዕቃ ቤት ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይቅር።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ቄስ አባ ዣን ማርክ ፉርኒዬ ቅዱስ ቁርባኑን ካወጡ በኋላ በእርሱ ካቴድራሉን ባረኩ፤ ጌታ ቤቱን እንዲጠብቅ ለመኑ። እሳቱ ያን ጊዜ ሰሜኑን ማማ ይዞ ነበር። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ገደማ ሁለቱም ማማዎች መትረፋቸው ተነገረ። አንድም ሰው አልሞተም፤ ታላቁ ኦርጋንም አልተቃጠለም። ክብር ምስጋና ለእርሱ ይሁን፤ ወደዚያ ማማ የወጡትንም ይባርክልን።