ጥጓ የታጠፈው ካርድ

ዛሬ አዲስ ነገር አላጠናሁም። ማታውን ሙሉ የድሮ የጥናት ካርዶቼን ስቀድ አመሸሁ።

ነገሩ የመጣው ጥጓ በታጠፈች አንዲት ካርድ ነው። ከሴል ሲግናሊንግ (ሴሎች መልእክት የሚቀበሉበት መንገድ) ካርዶቼ ሁሉ ስቼ የማላውቃት እሷን ነበር። ፊቷ ላይ «የጂ ፕሮቲን መንገድ ይብራራ» ይላል። ጀርባዋ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ የታጨቀ 9 መስመር አለ። ገና ሳያት አፌ ይለቀዋል፦ ሆርሞን፣ ሪሴፕተር (የሴሉ መልእክት ተቀባይ)፣ ጂ ፕሮቲን (ማብሪያ ማጥፊያው)፣ አዴኒሊል ሳይክሌዝ (ሳይክሊክ ኤኤምፒን የሚሠራው ኢንዛይም)፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ (ሴሉ ውስጥ ያለው መልእክተኛ ሞለኪውል)፣ ፕሮቲን ካይኔዝ ኤ (ፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት የሚለጥፍ ኢንዛይም)።

ትናንት የሕክምና መግቢያ ፈተና ልምምድ ስሠራ ጥያቄው ተገልብጦ መጣ። ጂ ፕሮቲኑ ጂቲፒ የተባለውን ሞለኪውል መሰባበር ቢያቅተው፣ ሴሉ ውስጥ ያለው ሳይክሊክ ኤኤምፒ ምን ይሆናል? ጭጭ አልኩ። ስድስቱ ስሞች ተሰልፈው ቆመዋል፣ የሚረዳኝ ግን አንድም የለም። ለካ ስመልስ የኖርኩት የታጠፈውን ጥግ እያየሁ ነው!

ስለዚህ ቀደድኳት። ከእሷ 7 ካርዶች ወጡ፣ እያንዳንዳቸው ባለ አንድ መስመር መልስ። «አድሬናሊን ሪሴፕተሩ ላይ ሲያርፍ ጂ ፕሮቲኑ ምን ጥሎ ምን ያነሳል?» ጂዲፒ ጥሎ ጂቲፒ ያነሳል፣ በዚህም ይበራል። «ሳይክሊክ ኤኤምፒ ከምን ይሠራል?» ከኤቲፒ፣ ከሴሉ የኃይል ሞለኪውል።

አራተኛዋን ስጽፍ ነው የነቃሁት። ካርዶቼ ሁሉ የሚያወሩት ስለ ማብራት ነው። «ማን ያጠፋዋል?» የሚል አንድ እንኳ የለኝም። ጂ ፕሮቲኑ ጂቲፒውን ራሱ ሰብሮ ወደ ጂዲፒ ይመልሰዋል። ሳይክሊክ ኤኤምፒን ደግሞ ፎስፎዳይስተሬዝ የተባለ ኢንዛይም ይሰብረዋል። የኮሌራ መርዝ የመጀመሪያውን ማጥፊያ ነው የሚያበላሸው። ጂ ፕሮቲኑ እንደበራ ይቀራል፣ የአንጀት ሴሎች ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይከማቻል፣ ክሎራይድ ወደ ውጭ ይፈስሳል፣ ውሃም ይከተለዋል። የትናንቱ ጥያቄ ለካ ስሙን የደበቀ ኮሌራ ኖሯል። ተናደድኩም፣ ሳቅኩም።

ኧርል ሰዘርላንድ በ1971 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመበትን የምትጠይቅ ካርድም አለችኝ። ፈተናው ይህን አይጠይቅም፣ መጣል ነበረብኝ። ግን ሳይክሊክ ኤኤምፒን ያገኘውን ሰው እንዴት ልጣለው? መጽሐፌ ውስጥ ምልክት አደረግኳት።

እንደ ኮርቲሶል ያሉት የስቴሮይድ ሆርሞኖች ካርዶች አላስቸገሩኝም። «ሪሴፕተሩ ሴሉ ውስጥ ነው» የሚለውን ሰርዤ «ኮርቲሶል የሴሉን ሽፋን ለምን በቀላሉ ያልፋል?» ብዬ ጻፍኩ። ስብ ውስጥ ስለሚሟሟ። አለቀ።

አንዷ ግን እንቢ አለችኝ። ሳይክሊክ ኤኤምፒ የልብን ጡንቻ አጥብቆ ያኮማትራል፣ የሳንባ ቧንቧዎችን ጡንቻ ግን ያላላል። መልእክተኛው አንድ፣ ካይኔዙም አንድ። ልዩነቱ ካይኔዙ በየሴሉ ውስጥ ፎስፌት የሚለጥፍበት ፕሮቲን ላይ ነው። ይህን በአንድ መስመር ለመጻፍ አራት ጊዜ ሞከርኩ፣ አራቱም ጊዜ ወደ ድሮው 9 መስመር ተመለሰብኝ። እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ጥያቄዋን ብቻ ጽፌ ጀርባዋን ባዶ ተውኩት።